ከመርጨታችን በፊት እንጠይቅ፦ ከአንድ የድሬ ፀጉር አስተካካይ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፤
ለከተማችን ፀጉር አስተካካዮችና የውበት ሳሎኖች፤
ሽቶ ለምትሸጡም ለምትቀቡም የድሬ ሰዎች ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ከዚራ ውስጥ አነስተኛ የወንዶች ፀጉር ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ስንት ጠርሙስ ሽቶ በሰው አንገት ላይ እንደጨረስኩ ቆጥሬ አላውቅም። ጢም ተላጭቶ፣ አንገት በብሩሽ ተጠርጎ፣ ፎጣው ከተነሣ በኋላ ኮሎኝ ካልተረጨ ሥራው ያለቀ አይመስልም። ደንበኛው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፤ እኛም ሳንጠይቅ እንረጫለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ይህ ሳንጠይቅ የምናደርገው ነገር ሰው ሲጎዳ በዓይኔ ስላየሁ፣ በገዛ እጄ ላይም ስለደረሰብኝ ነው።

አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ደንበኛ አሉኝ። ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት አይቀሩም። ኮሎኝ በጣም ይወዳሉ፤ "አቦ፣ አትሰስት!" እያሉ አንገታቸውን ያዘነብሉልኛል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ከግራ ጆሯቸው ሥር ተነሥቶ እስከ ሸሚዛቸው ኮሌታ የሚወርድ ቡናማ መስመር አየሁ። ከላይ ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ ታች እየቀጠነ ሄዶ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጠብታ ክብ ሆኖ ይቆማል። እሳቸው "ማድያት ነው" አሉ። ባለቤታቸው ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተውባቸው ነበር። እኔ ደግሞ እንዳይቆስል ብዬ፣ በመጡ ቁጥር እዚያው መስመር ላይ ኮሎኝ እጨምርበታለሁ። ሲያቃጥላቸው ጥርሳቸውን ነክሰው "ይገድለዋል" ይላሉ፤ እኔም "አዎ ጋሼ፣ ይገድለዋል" እላለሁ።

ያ መስመር እኔ የረጨሁት ኮሎኝ የፈሰሰበት መንገድ ነበር።

ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ኮሎኝ የምንለው ስም የመጣው ከጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ነው፤ ጣሊያናዊው ዮሐን ማሪያ ፋሪና እ.ኤ.አ. በ1709 እዚያ ከሎሚና ከብርቱካን ወገን ዘይቶች የቀመመው ሽቶ ነው ስሙን ለዓለም ያዳረሰው። ከእነዚህ ዘይቶች አንዱ ቤርጋሞት ይባላል። ቤርጋሞት ውስጥ ቤርጋፕተን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲበርድ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ወይም ቡናማ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ፍሮይንድ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1916 ይህንኑ ጠብታ የመሰለ ምልክት ኮሎኝ በሚቀቡ ሰዎች ላይ አይቶ ጽፏል። ዛሬ ጥንቃቄ የሚያደርጉ አምራቾች ቤርጋፕተኑን ከዘይቱ ያወጡታል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጠርሙስ ግን ምን እንደያዘ ማን ይነግረናል? እኛ ደግሞ ያለነው ድሬ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል። አንገቱን አርሰን የምንሸኘው ሰው ከሱቁ በር አንድ እርምጃ ሲወጣ ፀሐይዋ እዚያው ትቀበለዋለች።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ሽታ ይዘህ ፀሐይ አትውጣ፤ ምች ይመታሃል" ትለን ነበር። ስለ ቤርጋፕተን የነገራት ሰው የለም። ሽታና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳ እንደሚበላሽ ግን አይታ ታውቅ ነበር። እንደ ወግ ብቻ ሰምተን ማለፋችን ይቆጨኛል።

የጋሼ ምልክት በትክክለኛ ስሙ አለርጂ አይደለም፤ የፀሐይና የዘይቱ ቃጠሎ ነው። የእኔ እጅ ግን አለርጂ ነው።

መጀመሪያ የቀኝ እጄ ሌባ ጣትና አውራ ጣት መሃል ያሳክከኝ ጀመር። ሌሊት ይብሳል። ቀጥሎ ውሃ የቋጠሩ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ሽፍታዎች ወጡ፤ ሲፈነዱ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። መቀስ ስከፍት ስንጥቁ ይደማል። ነጭ ፎጣ ላይ የእኔን ደም ያየ ደንበኛ ደንግጦ ተነሥቶ ሄዷል፤ አልፈርድበትም። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ፈንገስ ነው ተባልኩና ቅባት ተሰጠኝ። አልዳነም። ሌላ ቦታ ሌላ ቅባት ሰጡኝ፤ በአምስት ቀን ጠፋ፤ ባቆምኩ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። እንዲህ ስመላለስ ወደ ሁለት ዓመት ሄደ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ "ምን ትነካለህ? ምን ትቀባለህ?" ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። በኋላ ያገኘኋቸው የቆዳ ሐኪም እጄን ከማየታቸው በፊት ሥራዬን ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ "በል እንግዲህ፣ ሱቅህ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሁሉ በየተራ ንገረኝ" አሉኝ። ኮሎኙን፣ ፓውደሩን፣ የመላጫ አረፋውን፣ የፀጉር ቅባቱን፣ ፎጣ የማጥብበትን ሳሙና ቆጠርኩላቸው። ሁሉም ውስጥ ሽቶ አለ።

እሳቸው ያስረዱኝን በእኔ አነጋገር ላስረዳ። መዓዛ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ቆዳን ሰርገው ይገባሉ፤ እዚያ ከራሳችን ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። የሰውነት መከላከያ ይህን የተጣበቀ ነገር አይቶ "ይህ ባዕድ ነው" ብሎ ይመዘግበዋል። ምዝገባው ሳምንታትም ዓመታትም ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ግን ትንሽ ጠብታ ትበቃለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ዕድሜ ልክ አይረሳም። ስለዚህ "ይህን ሽቶ አሥር ዓመት ስቀባው ምንም አላለኝም" የሚለው ነገር ማስረጃ አይሆንም። እኔም 14 ዓመት ምንም አላለኝም ነበር።

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ይህ ዓይነቱ አለርጂ በተቀቡበት ሰዓት አይወጣም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ቅዳሜ የተላጨ ደንበኛዬ ሰኞ ወይም ማክሰኞ አንገቱ ይቀላል፣ ያሳክከዋል። ሰኞ ላይ ሆኖ ቅዳሜን ማን ያስታውሳል? እሑድ የበላውን ያስባል፤ እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ አቮካዶውን ይከስሳል። ምግብ የሚመርጥ፣ በየሳምንቱ አንድ ነገር እየተወ የሚከሳ ስንት ሰው አይቻለሁ! ሽቶውን ግን አልተወም።

በተቀባበት ቅጽበት የሚያቃጥለውና ወዲያው የሚበርደው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አልኮሉ ምላጭ የነካውን ቆዳ ሲያገኝ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ማቃጠሉ ብቻውን አለርጂ አለ አያሰኝም። ማቃጠሉ ጀርም መግደሉን ያሳያል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። መቀስና ማሽን በ70 ፐርሰንት አልኮል ይጠረጋል፤ ትክክል ነው። የሰው አንገት ግን መቀስ አይደለም። አሁን ተላጭቶ በተከፈተ ቆዳ ላይ ሽቶ ማፍሰስ በሩን ከፍቶ ባዕድን እንደማስገባት ነው።

የት የት እንደሚወጣ ማወቅ ይረዳል። ከጆሮ ኋላ፣ የአንገት ግራና ቀኝ፣ ሽቶ ነክተን የምናሻሸው የእጅ አንጓ፣ ብብት፣ ጢም የሚወጣበት ቦታ ሁሉ። የዓይን ቆብ ደግሞ ሰው የማይጠረጥረው ነው፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ ወደ ፀጉር የተረጨው ብናኝ ሲያርፍበት፣ ወይም ሽቶ የነካ እጅ ሲያሸው ያብጣል። ሕፃናት ላይ ጉንጭ ላይ ይታያል። አራስ ጥየቃ ስንሄድ ሽቶ ተቀብተን ሕፃኑን ጉንጫችን ላይ አስጠግተን እንስማለን። እባካችሁ፣ አራስ ቤት ስትሄዱ ሽቶውን ለዚያች ቀን ተዉት።

ጭርት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሠርቶ፣ ጠርዙ ቀልቶና ቅርፊት ይዞ፣ መሃሉ እየጠራ ይሄዳል። አለርጂ ግን ሽቶው የነካበትን ቅርጽ ይዞ ነው የሚወጣው። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም ስላለ፣ ቁርጡን ሐኪም ይንገራችሁ። ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ ምርጫ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት እየገዛችሁ ፊታችሁን አታሹ። ለጊዜው ያድናል፤ ሲደጋገም ቆዳውን ያሳሳል፣ ፈንገስ ከሆነም ያስፋፋዋል።

የታዘዝኩት ነገር ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ከባድ ነበር፤ ሽታ ያለውን ነገር ሁሉ ለስድስት ሳምንት ማቆም። ኮሎኝ ብቻ አይደለም። የገላ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ሎሽን፣ ዲኦዶራንት፣ የልብስ ሳሙና፣ ልብስ ማለስለሻ፣ እርጥብ መጥረጊያ። ቦታውን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወፈር አድርጌ እቀባ ነበር፤ ሐኪሙ የሰጡኝን ቅባት ለተወሰነ ቀን ብቻ ተጠቀምኩ። ቀለም ስቀባ ጓንት አደረግሁ። (ስለ ፀጉር ቀለምና ጥቁር ሂና ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ጥቁሩን ሂና የሚያጠቁረው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ከሽቶ የባሰ ቆዳ ያቆስላል፤ ለሰርግ እጃቸውን የሚያስጌጡ እህቶቻችን ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ።) በአራተኛው ሳምንት ስንጥቁ ገጠመ። በስድስተኛው ሳምንት ሌሊት ሳልነቃ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ፈተናው የመጣው። አንዱን ነገር ብቻ መርጬ፣ ከክርኔ በውስጥ በኩል፣ አምስት ሳንቲ ሜትር በአምስት በሚሆን ቦታ ላይ ጠዋትና ማታ እንድቀባ፣ እስከ ሁለት ሳምንት እንድጠብቅ ተነገረኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ለ14 ዓመት ከእጄ ያልወጣው ኮሎኝ ክርኔን አቅልቶ አሳከከው። አቆምኩ፤ መልሱን አገኘሁ። ይህ ዘዴ ቆዳ ላይ ለሚቀመጡ ነገሮች ነው እንጂ ለሳሙናና ለሻምፑ አይሆንም፤ እነሱ ታጥበው እንዲወጡ የተሠሩ ስለሆኑ ያለ አለርጂም ቆዳን ያቆጣሉ። ቁስል ላይ ወይም ፊት ላይም አይሞከርም። ሽቶ ሲሸተው ትንፋሹ የሚያጥረው ወይም ከንፈሩ የሚያብጠው ሰው ደግሞ በራሱ ላይ ምንም ሙከራ ማድረግ የለበትም።

የሐኪሙ ትክክለኛ ምርመራ የፓች ምርመራ ይባላል። ያዳስዞን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ይፋ ካደረገው ጀምሮ መሠረቱ አልተቀየረም፤ የሚጠረጠሩትን ነገሮች በጥቂቱ ጀርባ ላይ ለጥፎ 48 ሰዓት ማቆየት፣ ሲነሣ ማየት፣ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ማየት። ለሽቶ የሚለጠፈው የተለመደ ቅልቅል ስምንት ነገር ይዟል፤ ከስምንቱ አንዱ ዩጂኖል ነው። ዩጂኖል ማለት ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሰኘው መዓዛ ነው። ሌላው ሲናማል ነው፤ ይህም ቀረፋ ውስጥ ያለው ነው። ከፊራ ገበያ ቅመም ሲሸጡና ሲፈጩ የሚውሉ እናቶች እጃቸው ቢሰነጠቅ፣ ወይም ለጥርስ ሕመም የቅርንፉድ ዘይት የነካው ሰው ድዱ ቢቆጣ፣ ሰበቡ ከእኔ ጠርሙስ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። "የተፈጥሮ ነው፤ ኬሚካል የለበትም" የሚለውን የሻጭ ቃል ከዚህ በኋላ እንደ ዋስትና አልቀበለውም።

"አልኮል የለውም" የሚለውም እንዲሁ ነው። በእኛ ከተማ ብዙ ሰው አልኮል የሌለውን የዘይት ሽቶ ይመርጣል፤ ለጁምዓ መቀባት ሱና ነው፣ ደስ የሚልም ልማድ ነው። ነገር ግን አልኮሉ ሲወጣ መዓዛው አልቀነሰም፤ እንዲያውም የዘይት ሽቶ ውስጥ መዓዛው ይበረታል፣ ቆዳ ላይም ረጅም ጊዜ ይቆያል። አለርጂ የሚያመጣው ደግሞ መዓዛው እንጂ አልኮሉ አይደለም። ቆዳው የሚቆጣ ሰው ሐኪሙ ከፈቀደለት ከቆዳው ይልቅ ከላይ በሚደርበው ልብስ ላይ ቢያደርገው ንክኪው ይቀንሳል።

ሽቶ የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። በከተማችን ታይዋንና አሸዋ ገበያዎች ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ እየተቀዳ የሚሸጥ ሽቶ ብዙ ነው። ዋጋው ለሰው አቅም ይመቻል፤ እኔም እገዛ ነበር። ሲቀዳ ግን ስሙና ይዘቱ የተጻፈበት ካርቶን ከኋላ ይቀራል። ጠርሙሱ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው ሲከርም ሌላ ነገር ይጨመራል። ከብርቱካን ልጣጭ የሚገኘው ሊሞኒንና ከላቬንደር የሚገኘው ሊናሎል ትኩስ ሳሉ ብዙም አይጎዱም፤ አየር እያገኛቸው ሲያረጁ ግን ተቀይረው ጠንካራ የአለርጂ መንስኤ ይሆናሉ። በድሬ ሙቀት ተከፍቶ የከረመ ሽቶ ከአዲሱ የከፋ ነው ማለት ነው። ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉት፤ ስትቀዱ የትልቁን ጠርሙስ ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ገዢው አንድ ቀን ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው ነገር ይኑረው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 26 የመዓዛ ንጥረ ነገሮች ከተወሰነ መጠን ካለፉ በስማቸው እንዲጻፉ አስገድዷል፤ በ2023 ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። ሊራል በሚባል ስም የሚታወቀውን አንዱን ደግሞ ብዙ ሰው ስላቆሰለ ጭራሽ ከገበያ አውጥቶታል። እዚያው አውሮፓ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆነው የሽቶ አለርጂ እንዳለበት ይገመታል። በቀን 30 ሰው የሚያስተናግድ ፀጉር ቤት ይህን ቁጥር በሳምንቱ ቀናት ያባዛው። በእኛም አገር መዋቢያ ዕቃ በሕግ የሚታይ ነገር ነው፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያን ከመድኃኒት ጋር አንድ ጥላ ሥር አስገብቶታል። ጠርሙስ ላይ "ፓርፉም" የሚል አንድ ቃል ብቻ ስታዩ፣ ከዚያ ቃል ኋላ በአሥሮች የሚቆጠሩ ነገሮች ሊኖሩ እንደሚችሉ እወቁ። "ሽታ አልባ" የተባለ ዕቃም አንዳንዴ የጥሬ ዕቃውን ሽታ የሚሸፍን መዓዛ ይጨመርበታል፤ የሚፈለገው "መዓዛ ያልተጨመረበት" የሚለው ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቆዳ ነው። አሁን ስለ ታናሽ እህቴ ልናገር፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

እህቴ አስተማሪ ናት፤ ሳቢያን ነው የምትኖረው። ከልጅነቷ አስም አለባት። ጠንካራ ሽቶ፣ ሰንደል፣ የከሰል ጭስ ሲሸታት ደረቷ ይጨመደዳል፣ ትንፋሿ ያፏጫል። የእሷ ጉዳይ ከእኔ እጅ ይለያል፤ ጠረኑ የቆሰለውን የአየር ቧንቧ ስለሚያስቆጣው ነው እንጂ በፓች ምርመራ የሚታይ አይደለም፤ መድኃኒቱም በአፍ የሚሳበው ፓፍ ነው። ጎረቤት ቡና ሲፈላ ዕጣን ሲጨስ ተነሥታ በረንዳ ላይ ትቆማለች። ሰው ይህን አየ። "ዕጣን ሲጨስ የምትሸሸው ለምንድን ነው?" ተባለ። ከዚያ "መንፈስ አለባት" ተባለ። እናቴ ጨነቃት፤ ጸበል ይዛት ሄደች። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም ተጠምቄ አውቃለሁ፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ እወጣለሁ። የሚያመኝ፣ "እምነትሽ እንዲሠራ ፓፉን ጣዪው" ያላት ሰው መኖሩ ነው። ጣለችው። በአራተኛው ሌሊት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷት በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል አደረስናት። ባጃጁ ውስጥ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ መዓዛ ነበር። ሾፌሩ ሳንነግረው ገባው፤ እየነዳ በአንድ እጁ በጥሶ ወደ ውጭ ጣለው። ያን ልጅ ዳግመኛ አላገኘሁትም፤ ይህን ካነበበ እግዚአብሔር ይስጠው።

እህቴ ድናለች፣ ታስተምራለች፣ ፓፏ ከቦርሳዋ አይለይም። ግን ሐረር ዘመድ ለመጠየቅ በሚኒባስ ስንወጣ እስካሁን ትፈራለች። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ተሳፋሪው መስኮት ይዘጋል፤ ከዚያ አንዱ ከኪሱ ሽቶ አውጥቶ ይረጫል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ላቡን ሊያጠፋ ነው። ከኋላው ግን ሰው ደረቱን ይዞ ይቀመጣል።

ዕጣን ይቅር አላልኩም። ዕጣን የቤተ ክርስቲያናችን ነው፣ ሉባኑና ኡንሲው የሶማሌ እናቶቻችን ቤት ክብር ነው፣ ሐረር ጁገል ውስጥ ሰርግ ያለ ጢስ አይደምቅም። ልለምን የምፈልገው መስኮት እንዲከፈት፣ የሚያስለው ሰው በር አጠገብ እንዲቀመጥ፣ ተነሥቶ ሲወጣም እንዳይጠረጠር ነው። ሽታ የሸሸ ሁሉ መንፈስ የለበትም፤ ያላገባች ልጅ ከሆነች ደግሞ "አርግዛለች" ብላችሁ ስሟን አታጥፉ።

ለጤና ቢሮው ያለኝ ጥያቄ እነሆ።

በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች መጠበቂያ ክፍል የአየር መዓዛ እንዳይረጭ፣ ባለሙያዎችም በሥራ ሰዓት ጠንካራ ሽቶ እንዳይቀቡ መመሪያ ይውጣ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አስም ይዞት የመጣ ሰው መታከሚያው ቦታ ላይ መታፈን የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቆዳው የተቆጣ ሰው ሲያዩ "ምን በላህ?" ከማለታቸው በፊት "ባለፉት ሦስት ቀናት ምን ተቀባህ? ምን ነካህ?" ብለው እንዲጠይቁ ይሠልጥኑ። ይህች ጥያቄ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ለእኔ ሁለት ዓመት ታተርፍልኝ ነበር። የፓች ምርመራም እንደ ድል ጮራ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ለምሥራቁ ሕዝብ በቅርብ የሚገኝበት መንገድ ይመቻች።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ፀጉር ቤቶችን ለንጽህና ስትቆጣጠሩ ከምላጩና ከፎጣው ጋር ሽቶውንም ተመልከቱ። የምንረጨው ከነመለያው ይኑር፤ ደንበኛው ሳይጠየቅ አይረጭ፤ የሳሎን መስኮት ይከፈት። አንድ ደንበኛ ፊቱ ሲያብጥ፣ ድምፁ ሲሰልል ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው ሠራተኛው ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲያደርሰው ይነገረን፤ ውሃ አጠጥቶ ማስቀመጥ አይበቃም።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ገበያ ይቀንሳል ብላችሁ እንደምትሰጉ አውቃለሁ። አንድ ወጣት "አቦ፣ ሽቶ የሌለው ቁርጥ ምን ቁርጥ ነው?" ብሎኝ ወጥቶ ሌላ ቤት ሄዷል። ሌሎች ግን መጥተዋል፤ ለዓመታት ቤታቸው በማሽን ራሳቸውን ይላጩ የነበሩ፣ አንገታቸው ስለሚቆጣ ፀጉር ቤት መግባት የተዉ ሰዎች። አሁን መስታወቴ ላይ "ሽቶ ልርጭ?" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለሚፈልግ አለ፤ በጠየቀው ልክ፣ ያልተላጨ ቦታ ላይ፣ ከፀሐይ ዞር ባለ በኩል እረጫለሁ፤ ራሴ ጓንት አድርጌ። ለማይፈልግ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹህ ፎጣ አንገቱ ላይ አኖራለሁ፣ ከዚያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ። ፎጣዎቼን ሁለት ጊዜ አለቀልቃለሁ።

ጋሼ አሁንም ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። መስመሩ ለመጥፋት ሰባት ወር ፈጀበት፤ ዛሬ ጥላው ብቻ ነው የቀረው። ባለፈው ቅዳሜ ቀዝቃዛውን ፎጣ ሳኖርላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና "ይኸኛው ይሻላል" አሉኝ።

ቢሮው በጥቂት ፀጉር ቤቶች መሞከር ከፈለገ የእኔ ቤት ለመጀመሪያው ክፍት ነው። ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከዚራ ፀጉር አስተካካይ
ድሬዳዋ